ስለ ሞተር ሳይክላችን ጎማ ማወቅ የሚገባን

(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ምክንያት ለመሠረታዊ ማኅበራት የሒሳብ ሠራተኞች፣ ለኦዲተሮችና ለመስክ ባለሙያዎች በተዘጋጀ የግማሽ ቀን ሥልጠና ላይ የዩኒየኑ የተሽከርካሪ ጥገና ክፍል ኃላፊ ያደረጉት ንግግር)





 የበዓሉ አዘጋጅ ኮሚቴ «አንተም አንድ ነገር ተናገር» ሲለኝ ደንግጬ ነበር። እኔ ዕድሜዬን ከቁልፍና ከቅባት ጋር ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ከእኔ በፊት የተናገሩት ወንድሞችና እህቶች ስለ ካፒታል ዕድገት፣ ስለ ምርጥ ዘርና ስለ ገበያ ትስስር በሚገባ አስረድተዋል። እኔ የማወራው ስለ ጎማ ነው። ነገር ግን የማዳበሪያ ፍላጎት መሰብሰቢያው ቅጽ፣ የኦዲት ሰነዱ፣ የትርፍ ክፍፍሉ ፔይሮል፣ ሁሉም ወደ ቀበሌ የሚደርሰው በሁለት ጎማ ላይ ተቀምጦ ነው። ስለዚህ ትንሽ ታገሡኝ።

ነገሬን የምጀምረው በራሴ ጥፋት ነው። በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ፣ ለመስቀል ጥቂት ቀናት ሲቀሩ፣ አንድ ወጣት የሒሳብ ባለሙያችን የትርፍ ክፍያ ፔይሮል ይዞ ወደ አንድ ማኅበር ሊሄድ ተዘጋጀ። አባላቱ ለበዓሉ በግ መግዣ ያንን ገንዘብ ይጠብቁ ነበር። የሞተሩ የፊት ጎማ አልቆ ሊሾ ስለነበረ፣ ከመጋዘን አዲስ ጎማ አውጥቼ ገጠምኩለት። ጥርሱ ያልተነካ፣ ወረቀቱ እንኳ ያልተላጠ ጎማ ነው። ከዚያም ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን የአየር ቁጥር አይቼ፣ እስከዚያው ድረስ ነፋሁትና «በል እግዜር ካንተ ጋር ይሁን» ብዬ ሸኘሁት። ልጁ ገና ከግቢው ሳይወጣ «ጋሼ፣ ትንሽ ደረቅ አላለም?» ብሎኝ ነበር። «አዲስ ስለሆነ ነው፤ ይለምድሃል» አልኩት።

ካፊያ የነካው የጠጠር ቁልቁለት ላይ የፊት ጎማው ከሥሩ ሸርተት አለበትና ወደቀ። እግሩ ተሰበረ። ፔይሮሉ ሌላ ሰው ተልኮ እስኪደርስ ዘጠኝ ቀን ፈጀ፤ መስቀልም አለፈ። ልጁ ዛሬ ድኗል፤ እዚህ አዳራሽ ውስጥም አለ፤ ስሙን አልጠራም። እኔ ግን ያን ቀን ማታ ያንን ጎማ አውልቄ በባትሪ መብራት ሳገላብጠው ነው በጎማ ላይ የተጻፈውን ማንበብ የተማርኩት። ሃያ ዓመት ጎማ ስፈታና ስገጥም ኖሬ፣ ጽሕፈቱን አንብቤው አላውቅም ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ ያን ማታ የጀመርኩትን ትምህርት ነው።

መጀመሪያ አንድ መሠረታዊ ነገር እንያዝ። ሞተሩንና እናንተን የሚሸከመው የጎማው ላስቲክ አይደለም፤ በውስጡ የታመቀው አየር ነው። ጎማው ስልቻ ነው። ስልቻ እህል ሲሞላ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ሲጎድል ወገቡ ይታጠፋል። የጎማው ስልቻ የተሠራው እንደ ጨርቅ ከተደራረበ የናይሎን ክር ነው፤ ላስቲኩ ክሩን የሚሸፍን ልባስ ነው። አየር ሲጎድል የጎማው ጎን በእያንዳንዱ ዙር ይታጠፋል፣ ይዘረጋል። ሽቦ ደጋግማችሁ ብታጥፉት እንደሚሞቅና እንደሚበጠስ፣ ክሩም ይሞቃል፣ ይበጠሳል። ብዙ ሰው «ጎማ የሚፈነዳው አየር ሲበዛበት ነው» ይላል። እኔ በጋራዥ ያየኋቸው የፈነዱ ጎማዎች ግን አብዛኞቹ አየር ጎድሏቸው፣ ጭነት በዝቶባቸው ብዙ መንገድ የሄዱ ናቸው።

አየር ያለበትን ጎማ ለሰፊው ሕዝብ ያደረሰው ሰው የእንስሳት ሐኪም እንደነበረ ታውቃላችሁ? ጆን ቦይድ ደንሎፕ ይባላል። ቤልፋስት ከተማ ይሠራ የነበረ ስኮትላንዳዊ ሲሆን፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1887 የትንሽ ልጁ ባለሦስት እግር ብስክሌት እንዳያንገጫግጨው ብሎ ነው የሠራው። ከእርሱ አርባ ዓመት ያህል ቀደም ብሎ ሮበርት ቶምሰን የሚባል ሌላ ስኮትላንዳዊ ተመሳሳይ ሐሳብ አስመዝግቦ ነበር፤ ግን ገበያ አላገኘም። የእኛ የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች በዚህ መኩራት ይችላሉ።

ወደ ቁጥሮቹ ልምጣ። በገጠር ሥራ ላይ በሚውሉ ብዙ ሞተሮች፣ ለምሳሌ በያማሃ ዲቲ 125፣ ከፊት 2.75-21፣ ከኋላ 4.10-18 የሚል ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ቁጥር የጎማው ወርድ በኢንች ነው፤ የመጨረሻው የቸርኬው ስፋት ነው፣ እሱም በኢንች። በሌሎች ጎማዎች ላይ 90/90-21 ዓይነት ጽሕፈት ይኖራል። እዚህ ላይ የመጀመሪያው 90 ወርዱ በሚሊሜትር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የጎማው ቁመት ከወርዱ ስንት በመቶ እንደሆነ ይናገራል። የቸርኬው ቁጥር ካልገጠመ ጎማው አይገባም፤ ስለዚህ በዚህ የሚሳሳት የለም። ስሕተት የሚመጣው በወርዱ ነው። «ሰፋ ያለ ይሻላል» ተብሎ ከልኩ በላይ የሆነ ጎማ ሲገጠም፣ በጠባቡ ቸርኬ ላይ ተጨምቆ መልኩ ይበላሻል፤ በክረምት ደግሞ በጎማውና በጭቃ መከላከያው መካከል ክፍተት አይቀርም። የቢቸናንና የእነማይን ጥቁር አፈር የምታውቁ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። መረሬው እየተጠቀለለ ገብቶ የፊት ጎማውን ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል፤ እናንተ ግን አትቆሙም።

ከስፋቱ ቀጥሎ አንድ ቁጥርና አንድ የላቲን ፊደል አለ። ቁጥሩ የሚሸከመውን ክብደት፣ ፊደሉ የሚችለውን ፍጥነት ያሳያል። ፍጥነቱን እንተወው፤ ‘ፒ’ የሚለው ፊደል በሰዓት እስከ 150 ኪሎ ሜትር ማለት ስለሆነ በእኛ መንገድ ማንም አይደርስበትም። ክብደቱ ነው የሚያሳስበኝ። 45 የሚል ጎማ 165 ኪሎ፣ 59 የሚል 243 ኪሎ ይሸከማል። ኪሎውን በቀጥታ አይጽፉትም፤ ከሰንጠረዥ የሚገኝ ነው። ሰንጠረዡን ጋራዡ በር ላይ ለጥፌዋለሁ። አሁን አብረን እናስላ። 65 ኪሎ የሚመዝን ነጂ፣ ያንኑ ያህል የሚመዝን ሰው ከኋላ፣ ከዚያ ላይ 50 ኪሎ ማዳበሪያ። ይህ ብቻ 180 ኪሎ ነው። ሞተሩ ራሱ ከመቶ ኪሎ በላይ ይመዝናል። ከዚህ ሁሉ የሚበዛው የሚያርፈው የኋላ ጎማ ላይ ነው። 243 ኪሎ እችላለሁ የሚለው ጎማ ደግሞ እችላለሁ ያለው አየሩ ሙሉ ሲሆን ነው። አየሩ ጎድሎ በዚህ ጭነት ላይ ጉድጓድ ሲገጥማችሁ የሚሆነውን እኔ አልነግራችሁም፤ አብዛኞቻችሁ ሞተሩን እየገፋችሁ መጥታችሁ አሳይታችሁኛል።

አሁን የእኔ የመጀመሪያ ስሕተት ወደነበረው እንምጣ። ጎማው ጎን ላይ በትንንሽ ፊደል የሚጻፍ የአየር መጠን አለ። ያ ቁጥር «ይህን ያህል ንፉ» ማለት አይደለም። ጎማው የመጨረሻውን ክብደት ሲሸከም፣ ቀዝቃዛ እያለ ሊኖረው የሚገባው ጣሪያ ነው። ለእናንተ ሞተር የሚያስፈልገው የአየር መጠን የተጻፈው ጎማው ላይ ሳይሆን፣ ከሞተሩ ጋር በመጣው መጽሐፍ ውስጥ ወይም በካቴናው መከላከያ አካባቢ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ነው። ሠሪው ለብቻ ሲነዳና ሰው ሲጫን ለየብቻ ይጽፋል፤ የፊትና የኋላም ይለያያል። በእኛ ዓይነት ቀላል ሞተሮች በአብዛኛው ከ18 እስከ 33 ፒኤስአይ መካከል ታገኙታላችሁ። እኔ ለዚያ ልጅ ቀላል ጭነት ባለው የፊት ጎማ ላይ የጣሪያውን ቁጥር ሞላሁለት። ጎማ ከልኩ በላይ ሲነፋ እንደ ኳስ ይወጠራል፤ መሬት የሚነካው መሐሉ ብቻ ይሆናል። ድሮውንም መሬት የሚነካው ቦታ የሰው መዳፍ አይሞላም። እኔ ከዚያችው ላይ ቀነስኩበት።

መለኪያዎቹ እንደ መጡበት አገር ይለያያሉ። አንዱ በፒኤስአይ፣ ሌላው በባር ይለካል። 1 ባር 14.5 ፒኤስአይ ነው። ስለዚህ ጎሚስታ ቤት ሄዳችሁ «ሁለት ሙላልኝ» ስትሉ 29 ፒኤስአይ ጠየቃችሁ ማለት ነው። መጽሐፉ ለፊት ጎማ 22 ካለ፣ ሁለት ብዙ ነው። በጣት ተጭኖ ወይም በእግር ረግጦ መለካት የሚባለውን ነገር ተዉት። እኔ ራሴ ስንት ጊዜ ሞክሬ፣ በ20 እና በ30 መካከል ያለውን ልዩነት በአውራ ጣቴ ለይቼ አላውቅም።

የሚለካውም ጠዋት ከመነሳታችሁ በፊት ነው። ጎማ ሲሄድ ይሞቃል፤ አየሩም ስለሚሞቅ ቁጥሩ ከፍ ይላል። መንገድ ላይ ለክታችሁ «በዝቷል» ብላችሁ ብታስተነፍሱት፣ ነገ ጠዋት ሲቀዘቅዝ ጎድሎ ታገኙታላችሁ። በዚህ አጋጣሚ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የምትወርዱ ሰዎች «ቆላ ስለሆነ ይፈነዳል» እያላችሁ ደጀን ላይ አየር የምታስተነፍሱትን ነገር ላንሳ። ቆላ ሲወረድ ሙቀቱ አየሩን ያሳብጠዋል፤ እውነት ነው። ግን ቆላው ውስጥ የውጪው አየርም ከደጋው የበለጠ ከባድ ስለሆነ ጎማውን ከውጪ ይጫነዋል። ሁለቱ ተቃራኒ ናቸውና አንዱ ሌላውን ያጣፋዋል። እዚያ ቁልቁለት ላይ አየር የጎደለው ጎማ ይዞ መውረድ ነው አደጋው። አታስተንፍሱት።

ጭቃ ውስጥ ስትገቡ ጥቂት መቀነስ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ጎማው ተንጣሎ እንዲይዝ ይረዳል። እኔም አልከለክልም። ግን መንፊያ ያልያዘ ሰው አይቀንስ። ከጭቃው ወጥቶ ድንጋይ ላይ ሲደርስ፣ የጎደለው ጎማ በድንጋዩና በቸርኬው መካከል ከመነዳሪውን ይቆነጥጠዋል። ከመነዳሪ አውልቃችሁ ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ካገኛችሁ፣ የወጋው እሾህ አይደለም። አየር ጎድሎ ድንጋይ መትቷችኋል። ቀዳዳውን ከመለጠፋችሁ በፊት ቸርኬው መጣመሙን እዩ።

አየር መጉደል ሌላም ጣጣ አለው። ፍሬን ሲያዝ ወይም ነዳጅ ሲሰጥ ጎማው በቸርኬው ላይ ይንሸራተትና ከመነዳሪውን ይዞት ይዞራል፤ ቫልቩ ግን በቸርኬው ቀዳዳ ታስሮ ይቀራል። ስለዚህ ቫልቩ ከሥሩ ይበጠሳል። ይህ የማይለጠፍ ቀዳዳ ነው፤ ከመነዳሪው ይጣላል። የቫልቩን ዳዶ ቸርኬው ላይ አጥብቃችሁ አትሰሩት የምላችሁም ለዚህ ነው። ዳዶውን ላላ አድርጋችሁት ቫልቩ ወደ አንድ ጎን ተጋድሞ ካያችሁ፣ ጎማው መዞር መጀመሩን ይነግራችኋል። ያን ጊዜ አየር አስተንፍሳችሁ ታስተካክሉታላችሁ። ጥብቅ ካደረጋችሁት ግን ሳይነግራችሁ ይበጠሳል።

ሁለተኛው ስሕተቴ ዕድሜው ነበር። እያንዳንዱ ጎማ ጎን ላይ ‘ዲኦቲ’ ከሚሉት የላቲን ፊደላት በኋላ ረጅም ቁጥርና ፊደል አለ፤ ከዚያ ውስጥ የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተሠራበትን ሳምንትና ዓመት ያሳያሉ። አንዳንዴ በአንዱ ጎን ብቻ ስለሚጻፍ ገልብጣችሁ ፈልጉ። በዚያ ልጅ ጎማ ላይ የነበረው 3208 ነው። የ2008 ሠላሳ ሁለተኛ ሳምንት ማለት ነው። ይህ የአውሮፓውያን አቆጣጠር እንደሆነ አትርሱ። በእኛ አቆጣጠር የ2000 ዓ.ም. ሐምሌ ማለቂያና ነሐሴ መግቢያ ይሆናል። እኔ በ2010 መስከረም «አዲስ» ብዬ የገጠምኩት ጎማ የዘጠኝ ዓመት ጎማ ነበር። ላስቲክ ባይነዳም ያረጃል። ይደርቃል፣ እንደ ቀንድ ይጠነክራል፣ እርጥብ ድንጋይ መያዝ ያቅተዋል። ልጁ «ደረቅ አለ» ያለው እውነቱን ነበር። ብዙ ሠሪዎች ከአምስት ዓመት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፣ አሥር ዓመት የሞላው ደግሞ ጥርሱ ቢኖርም ይጣል ይላሉ። እኔ ለፊት ጎማ አሥሩንም አልጠብቅም። ጥፍራችሁን ጥርሱ ላይ ስትጫኑት ምንም የማይሰማው ከሆነ፣ ጎኑ ላይ በጥርሶቹ ሥር እንደ ደረቀ ኩሬ ጭቃ ስንጥቅ ካለ፣ ያ ጎማ አርጅቷል።

መጋዘናችንም ጥፋት አለበት። ጎማዎቹ የተደረደሩት ቆርቆሮው ሥር፣ ከዘር ማበጠሪያው የኤሌክትሪክ ሞተር አጠገብ ነበር። ሙቀት ላስቲክ ያደርቃል፤ ኤሌክትሪክ ሞተርና ብየዳ የሚያወጡት ኦዞን የሚባል ጋዝ ደግሞ ይሰነጥቀዋል። አሁን ወደ ጨለማው ክፍል አዛውረናቸዋል። ጎማ እንዲያበራ በናፍጣ ወይም በተቃጠለ ዘይት የምትወለውሉም ተዉ። ለበዓል ያምራል፤ ላስቲኩን ግን ይበላዋል።

እዚህ ላይ ቦርዱና የግዥ ኮሚቴው ፊት ለፊት ስለተቀመጡልኝ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ጎማ የምንገዛው በዝቅተኛ ዋጋ ነው፤ መመሪያው ይህን ይላል፣ አልቃወምም። ነገር ግን በጨረታ ሰነዱ ላይ ስፋቱን ጽፈን የተሠራበትን ዓመት ሳንጽፍ ስንቀር፣ ነጋዴው መጋዘኑ ውስጥ ያረጀውን አውጥቶ ይሸጥልናል፤ ያቀረበውም በሕግ ነው። «ከርክክቡ ቀን ከሁለት ዓመት በፊት ያልተሠራ» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። የመሸከም አቅሙም ቁጥር ይጻፍ። ይህን በጽሑፍ አቅርቤ ነበር፤ እስካሁን መልስ አላገኘሁም። ዛሬ በአባላቱ ፊት ደግሜዋለሁ፤ ቃለ ጉባዔ የሚይዙት ወንድሜ እንዲጽፉልኝ እጠይቃለሁ።

ስለ ጥርሱ አጠር አድርጌ ልናገር። ጥርሱ ራቅ ራቅ ያለ ጎማ ጭቃ ይተፋል፤ አስፋልት ላይ ግን ጥርሱ እየተጣመመ ይሄዳል፣ ቶሎም ያልቃል። ጥርሱ የተቀራረበው አስፋልቱን ይይዛል፤ ጭቃ ግን ይሞላውና ሊሾ ይሆናል። ሁለቱንም የሚችል ጎማ እስካሁን አላየሁም። የሳምንቱን አብዛኛውን ቀን የምትሄዱበትን መንገድ አይታችሁ ምረጡ። ከፊት አንድ ዓይነት፣ ከኋላ ሌላ ዓይነት ማድረግ ካስፈለገ ደግሞ ጠይቁኝ። ጎማው ላይ ቀስት ካለ የመዞሪያ አቅጣጫው ነው፤ አንዳንዱ ለፊትና ለኋላ ሁለት ተቃራኒ ቀስት አለው፣ ጎሚስታው ሲገጥም ቆማችሁ እዩ። በጥርሶቹ መካከል ከፍ ያለች ትንሽ ጉብታ አለች፤ ጥርሱ ከእርሷ እኩል ሲሆን ጎማው አልቋል። አዲስ ጎማ ስትገጥሙ የመጀመሪያውን መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሳትጋደሙና ፍሬን ሳታጠብቁ ሂዱ፤ ላዩ ከፋብሪካ ሲወጣ ያንሸራትታል።

እሾህ ሲወጋችሁ አንድ ነገር ብቻ አደራ። ከመነዳሪውን ለጥፋችሁ ከመመለሳችሁ በፊት የጎማውን ውስጥ በጨርቅ ዳብሱት። የግራር እሾህ ጫፉ ተሰብሮ ክሩ ውስጥ ይቀራል፤ ሳያወጡት የገጠሙ ሰዎች ሁለተኛ ኪሎ ሜትር ላይ ይቆማሉ። በባዶ እጅ ግን አትዳብሱ፤ ይሄ ጠባሳ የዚያ ነው። ማስቲሹን ቀብታችሁ ደግሞ ወዲያው አትለጥፉ፤ በጣት ሲነኩት የማያጣብቅ እስኪሆን ጠብቁ። የሚቸኩል ሰው ሁለት ጊዜ ይለጥፋል።

እየነዳችሁ ጎማ ቢፈነዳስ? ፍሬን ለመያዝ የሚቸኩለውን እጃችሁን ያዙት። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ በሁለት እጅ ጨብጡ፤ ነዳጁን ቀስ ብላችሁ ልቀቁ፤ ሞተሩ በራሱ ይቀንስ። የፈነዳው የፊት ከሆነ የፊት ፍሬን አትንኩ፤ በኋላው በቀስታ አቁሙ። የኋላው ከሆነ በተቃራኒው የፊቱን በቀስታ ተጠቀሙ። ይህን በቃል ብቻ ሳይሆን ግቢ ውስጥ ሞተሩን አቁማችሁ በእጅና በእግራችሁ ተለማመዱት።

ሰዓቴን ጨርሻለሁ መሰለኝ። ሞተሮቻችሁ ከጠዋት ጀምሮ ዋርካው ጥላ ሥር ቆመዋል፤ ጎማቸው ቀዝቅዟል ማለት ነው። ሦስት መለኪያ ይዣለሁ፤ የእያንዳንዱን ሞተር መጽሐፍም ከመዝገብ ቤት አስወጥቻለሁ። ከምሳ በፊት ሁላችሁም የራሳችሁን ሞተር ለክታችሁ፣ አራቱን የዓመት ቁጥሮች ፈልጋችሁ፣ ባዘጋጀሁት ቅጽ ላይ ሙሉልኝ። ከ2018 በፊት የተሠራ፣ በፈረንጆቹ ማለቴ ነው፣ የፊት ጎማ ያገኘ ሰው ሞተሩን እዚያው ይተውልኝ፤ ወደ ቤቱ የሚመለስበትን መኪና አዘጋጅተናል።